እብደት ያልሠራቸው አልበሞች

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963 አራት የሊቨርፑል ወጣቶች ለንደን ውስጥ አቤይ ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ ወደሚገኘው የኢኤምአይ ስቱዲዮ ጠዋት ገብተው ማታ ወጡ፡፡ በዚያች አንድ ቀን አሥር ዘፈን ቀረፁ፡፡ ቀደም ብለው በነጠላ ሸክላ ያወጧቸው አራት ዘፈኖች ታከሉበትና የቢትልስ የመጀመሪያ አልበም ሆነ፡፡ ከአራት ዓመት በኋላ እነዚሁ ልጆች በዚያው ሕንፃ ውስጥ ‹ሳርጀንት ፔፐርስ ሎንሊ ኸርትስ ክለብ ባንድ› የተባለውን አልበም ለመጨረስ አምስት ወር ገደማ ፈጀባቸው፡፡ የስቱዲዮው ሰዓት ሲደመር ወደ 700 ይጠጋል ይባላል፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ለመሆኑ በአንዱ ቀንና በአምስቱ ወር መካከል ምን ተፈጠረ? የተለመደው መልስ አጭር ነው፤ ‹ዕፅ ወሰዱ› ይባላል፡፡ ይህንን መልስ በመጽሔት አንብበነዋል፣ በፊልም አይተነዋል፣ ከጓደኞቻችንም ሰምተነዋል፡፡ ለወሬ የሚጥም መልስ ነው፡፡ ችግሩ የብዙ ሰዎችን የብዙ ወራት ልፋት ምላስ ላይ ለተቀመጠች አንዲት ብጣሽ ወረቀት መስጠቱ ነው፡፡

እኛ ባለፉት ወራት ከ1966 እስከ 1973 የወጡ፣ ‹ክላሲክ› እና ‹ሳይኬዴሊክ› ሮክ የሚባሉ አልበሞችን በወጡበት ቅደም ተከተል፣ ዘፈን ሳንዘልል ሰማን፡፡ የሙዚቃ ባለሙያዎች አይደለንም፤ ጆሮና ትዕግሥት ያለን አድማጮች ነን፡፡ ስለዚህ የምንለው ሁሉ የአድማጭ አስተያየት ነው፡፡ ከአልበሞቹ ጎን ለጎን ግን እንዴት እንደተሠሩ የተመዘገበውን ታሪክም አነበብን፡፡ ሁለቱን አንድ ላይ ስናየው የደረስንበት ነገር ይህ ነው፤ እነዚህን አልበሞች የሠራቸው እብደት አይደለም፡፡ እንዲያውም እብደቱ በመጣበት ቦታ ሁሉ ሥራው ቆሟል፡፡

ስሙ ከየት መጣ?

‹ሳይኬዴሊክ› የሚለው ቃል የሙዚቀኞች ፈጠራ አይደለም፡፡ ሃምፍሪ ኦዝመንድ የተባለ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም በ1950ዎቹ ከግሪክ ቃላት ቀምሮ ያወጣው ነው፤ ትርጉሙም ‹ነፍስን ወይም አእምሮን የሚገልጥ› እንደማለት ነው፡፡ ኤልኤስዲ የተባለው ቅመም ደግሞ ከዚያ ይቀድማል፡፡ አልበርት ሆፍማን የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ኬሚስት በ1938 ባዝል ከተማ በሚገኘው የሳንዶዝ መድኃኒት ፋብሪካ ቀምሞት፣ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ነገር በ1943 በራሱ ሰውነት አወቀው፡፡ እስከ 1966 ድረስ በካሊፎርኒያም ሆነ በእንግሊዝ በሕግ አልተከለከለም ነበር፡፡

በ1966 መጨረሻ ላይ ከቴክሳስ የመጡት ሰርቲንዝ ፍሎር ኤሌቬተርስ ቃሉን በአልበማቸው ርእስ ላይ አወጡት፡፡ ይህንን ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው፡፡ የሽፋኑ ጀርባም ዕፁን በግልጽ የሚያወድስ ጽሑፍ ነበረው፡፡ አልበሙን ሰምተነዋል፤ የሮኪ ኤሪክሰን ድምፅ ጉሮሮን ሲቀድ የሚሰማ፣ በአጠገቡ ደግሞ በእንስራ መሳይ ዕቃ ውስጥ እየተነፋ የሚንደቀደቅ ድምፅ ያለበት፣ ደስ የሚል ጥሬ ሥራ ነው፡፡ ኤሪክሰን ግን ምን ሆነ? በ1969 በጥቂት ማሪዋና ተያዘ፤ ከእስር ለማምለጥ የአእምሮ ሕመምተኛ ነኝ ብሎ ተከራከረ፤ ረስክ በሚባል የቴክሳስ ግዛት ሆስፒታል ከወንጀለኛ ሕሙማን ጋር እስከ 1972 ተዘጋበት፡፡ ከዚያ የወጣው ሰው የገባው ሰው አልነበረም፡፡ በ2019 አረፈ፡፡ የአልበሙን ዝና የሚያወሩ ብዙዎች ይህንን ሦስት ዓመት ይዘልሉታል፡፡

እርሳስ የያዙት ሰዎች

እስኪ ወደ ‹ሪቮልቨር› እንመለስ፡፡ በኦገስት 1966 የወጣው ይህ የቢትልስ አልበም የሚዘጋው ‹ቱሞሮው ኔቨር ኖውስ› በሚባል ዘፈን ነው፡፡ ሳይኬዴሊክ ሮክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አንድ ዘፈን ብቻ አሰሙ ብንባል የምናሰማው እሱን ነው፡፡ ዘፈኑ ከሞላ ጎደል በአንድ ኮርድ ላይ ይቆማል፤ የሪንጎ ስታር ከበሮ እንደ ወፍጮ ይዞራል፤ ከላይ እንደ ወፍ መንጋ የሚጮህ ነገር ያልፋል፤ ድምፃዊው ከሩቅ ተራራ የሚጣራ ይመስላል፡፡

ጆን ሌነን ሐሳቡን ያገኘው የዕፁ ሰባኪ ከነበረው ከቲሞቲ ሊሪና ከባልደረቦቹ መጽሐፍ ነው፤ ይህንን አንክድም፡፡ ዕፁንም ቀምሶታል፡፡ ይሁንና ሐሳብ ድምፅ አይሆንም፡፡ ሌነን ድምፁ ከተራራ አናት እንደሚያዜም መነኩሴ እንዲሆን ፈለገ፡፡ ገና የ20 ዓመት ወጣት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጄፍ ኤመሪክ ለሃሞንድ ኦርጋን የተሠራውንና በውስጡ የሚሽከረከር ቀንድ ያለውን ሌዝሊ ስፒከር አሰበ፤ የሌነንን ድምፅ በዚያ ውስጥ አሳለፈው፡፡ የ‹ወፎቹ› ድምፅ ደግሞ ፖል ማካርትኒ ቤቱ ባለው የቴፕ መቅረጫ ላይ ከሠራቸው የተቋጠሩ የቴፕ ክሮች የመጣ ነው፡፡ ጫፍና ጫፋቸው የተያያዙት እነዚህ ክሮች በሕንፃው ውስጥ ባሉ የተለያዩ ማሽኖች ላይ በአንድ ጊዜ እንዲዞሩ ተደረገ፡፡ ክሩ እንዳይላላ የስቱዲዮው ሠራተኞች በእርሳስ ወጥረው ይዘው ቆሙ፡፡

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይጠቅማል፡፡ በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ‹የዕፅ ጉዞ› ተብሎ በብዛት የሚጠቀሰውን ድምፅ ያወጡት፣ በየክፍሉ እርሳስ ይዘው የቆሙ ደሞዝተኞች ናቸው! በዚያው ሰሞን ኬን ታውንዘንድ የተባለ የስቱዲዮው ቴክኒሺያን፣ ሌነን አንዱን ዜማ ሁለት ጊዜ መዝፈን ሰልችቶታልና አንዱን ድምፅ ወደ ሁለት የሚያደርግ የቴፕ ዘዴ ፈጠረ፡፡ ዛሬ በየቤቱ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ቁልፍ የሚሠራው ነገር ያኔ የአንድ መሐንዲስ የአእምሮ ሥራ ነበር፡፡

ማሽኑም ራሱ ልክ ነበረው፡፡ የኢኤምአይ መቅረጫ አራት ትራክ ብቻ ነበረው፡፡ አራቱ ሲሞሉ፣ አራቱን አቀላቅሎ በሌላ ማሽን ወደ አንድ ወይም ሁለት ትራክ ማውረድና በቀሩት ላይ መቀጠል ግድ ነበር፡፡ ቅልቅሉ ከወረደ በኋላ የቤዙ ድምፅ በዛ፣ የፒያኖው አነሰ ብሎ ማስተካከል አይቻልም፡፡ በየግልበጣው ደግሞ የቴፑ ሹክሹክታ ይጨምራል፡፡ እያንዳንዱ ውሳኔ የመጨረሻ ነው ማለት ነው፡፡ እንዲህ ያለ ሥራ ልብሱን እያወለቀ ለሚደንስ ሰው አይሆንም፤ ሒሳብ እንደሚዘጋ ሰው መጠንቀቅን ይጠይቃል፡፡

ጣሪያው ላይ የሆነው

‹ሳርጀንት ፔፐር› በ1967 ሲወጣ ዓለም ጉድ አለ፡፡ የእኛ አስተያየት ቀዝቀዝ ያለ ነው፡፡ የመጨረሻው ዘፈን ‹ኤ ደይ ኢን ዘ ላይፍ› ከተመሰገነውም በላይ ነው፡፡ 40 የኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ከዝቅተኛው ድምፅ ተነስተው እያንዳንዳቸው በራሳቸው ፍጥነት ወደ ላይ የሚወጡበት ቦታ ላይ ዛሬም ፀጉራችን ይቆማል፡፡ የቀሩት ዘፈኖች ግን፣ አንድ በአንድ ቢመዘኑ፣ የ‹ሪቮልቨር›ን አያህሉም፡፡ ቅንብሩ ከዜማው ይበልጣል፤ ሽፋኑ ደግሞ ከሁለቱም፡፡

ቢቢሲ ያንን የመጨረሻ ዘፈን ዕፅን ይጠቅሳል በማለት እንዳይተላለፍ ከለከለው፡፡ ነገሩ ያስቃል፡፡ ሳንሱር አድራጊውና ጭፍን አድናቂው በሌላ ነገር አይስማሙም፤ ሙዚቃውን የሠራው ዕፁ ነው በሚለው ላይ ግን አንድ ቃል ናቸው፡፡

በዚሁ አልበም ቀረጻ ወቅት፣ ማርች 21 ቀን 1967 ማታ፣ ሌነን የሚያነቃ ክኒን የወሰደ መስሎት በስህተት ኤልኤስዲ ዋጠ፡፡ ዜማ ለመቅረፅ ቆሞ ሳለ አመመኝ አለ፡፡ ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲን ነገሩን ስላላወቀ ንጹሕ አየር ያግኝ ብሎ ወደ ሕንፃው ጣሪያ አወጣው፡፡ ጓደኞቹ ምክንያቱን ሲረዱ እየሮጡ ወጥተው አወረዱት፤ ማካርትኒ ወደ ቤቱ ወሰደው፡፡ የሌነን ሥራ በዚያው ቆመ፡፡ ‹የዕፅ አልበም› በሚባለው አልበም ውስጥ ዕፁ ራሱ ማይክሮፎን ፊት ስለ መቅረቡ በደንብ የሚታወቀው ታሪክ ይህ ነው፤ ከዚያ ማታ ለአልበሙ ያተረፈለት ነገር የለም፡፡

የሺህ ፓውንዱ አልበም

ከሰማናቸው ሁሉ ያስገረመን ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፡፡ ዞምቢስ የሚባሉ የእንግሊዝ ልጆች በ1967 ከሲቢኤስ ኩባንያ ለአንድ ሙሉ አልበም ያገኙት በጀት 1,000 ፓውንድ ነበር፡፡ በዚህ ገንዘብ አቤይ ሮድ ውስጥ አምስት ወር መቀመጥ አይታሰብም፡፡ ስለዚህ ዘፈኖቹን ስቱዲዮ ከመግባታቸው በፊት ጥንቅቅ አድርገው ተለማመዱ፤ ገብተው በፍጥነት ቀረፁ፤ ወጡ፡፡ ሌነን ትቶት የሄደው ሜሎትሮን የሚባል፣ በየቁልፉ ሥር የቴፕ ክር ያለው ኦርጋን መሳይ መሣሪያ እዚያው ነበርና በእሱም ተጠቀሙ፡፡ ኩባንያው አልበሙን በስቴሪዮም እንዲያዘጋጁ ሲጠይቅ ገንዘቡ አልቋል፤ የዘፈኖቹ ደራሲዎች ሮድ አርጀንትና ክሪስ ዋይት ከኪሳቸው ከፈሉ፡፡

‹ኦደሲ ኤንድ ኦራክል› የተባለው አልበም በ1968 ሲወጣ ባንዱ ፈርሷል፡፡ የሽፋኑ ሠዓሊ የርእሱን የመጀመሪያ ቃል ፊደል አሳስቶ ጽፎታል፡፡ ድምፃዊው ኮሊን ብላንስቶን ኑሮውን ለማሸነፍ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፡፡ በ1969 ‹ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን› የተባለው ዘፈናቸው አሜሪካ ውስጥ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሲወጣ ሊያቀርበው የሚችል ባንድ አልነበረም፡፡

አልበሙ ላይ ብርሃን አለ፤ የድምፆቹ መደራረብ የቤተ ክርስቲያን ኳየር ያስታውሳል፡፡ የመክፈቻው ዘፈን ከእስር ቤት ልትወጣ ለተቃረበች ፍቅረኛ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ደስታው ይጋባል፡፡ ‹ሳይኬዴሊክ› ከሚባሉት ተርታ ሁሌም ይጠራል፡፡ የሠራው ግን ቆጣቢነትና ልምምድ ነው፡፡

ከአትላንቲክ ማዶ ደግሞ ላቭ የሚባሉት የሎስ አንጀለስ ልጆች ነበሩ፡፡ በ1967 ‹ፎርኤቨር ቼንጅስ›ን ሊቀርፁ ሲሉ ባንዱ በዕፅና በመዝረክረክ ተፍረክርኮ ነበር፡፡ አዘጋጆቹ ምን አደረጉ? ለሁለት ዘፈኖች የስቱዲዮ ቅጥር ሙዚቀኞች አስመጡ፡፡ የባንዱ አባላት የራሳቸውን ዘፈን ሌሎች ሲጫወቱት ቁጭ ብለው አዩ፡፡ ነገሩ አጥንታቸው ድረስ ተሰማቸው፤ ሄደው ተለማመዱ፤ ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው ቀሪውን ራሳቸው ተጫወቱት፡፡ በላዩ ላይ ዴቪድ ኤንጅል ያቀናበራቸው ቫዮሊኖችና ጥሩምባዎች ተጨመሩ፡፡ የባንዱ መሪ አርተር ሊ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር፤ ሞቴ ቀርቧል ብሎ ያምን ስለነበር ግጥሞቹ እንደ ኑዛዜ ናቸው፡፡ የኖረው ግን እስከ 2006 ነው፡፡ አልበሙ በወጣበት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ 154ኛ ደረጃ ላይ ቀረ፡፡ ለእኛ ግን የዘመኑ ሁሉ ምርጥ ነው ብንል አናፍርም፡፡

ጂሚ ሄንድሪክስንም ማንሳት አለብን፡፡ ሕዝብ የሚያስታውሰው በ1967 ሞንተሬይ ላይ ጊታሩን ሲያቃጥል ነው፡፡ ከዚያ በፊት ግን ለአይዝሊ ብራዘርስና ለሊትል ሪቻርድ አጃቢ ሆኖ፣ ከፊት ያለው ድምፃዊ እንዳይሸፈን እየተጠነቀቀ የዞረባቸው ዓመታት አሉ፡፡ ‹አር ዩ ኤክስፒሪየንስድ› የተባለውን አልበሙን በማዳመጫ ሰምታችሁ ከጩኸቱ ሥር ያለውን የምት ጊታር ተከተሉት፡፡ የአጃቢው ልጅ እዚያ አለ፡፡ በ1970 በ27 ዓመቱ በእንቅልፍ መድኃኒት ምክንያት ሲሞት ኒው ዮርክ ውስጥ ያሠራው የራሱ ስቱዲዮ ከተከፈተ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም ነበር፡፡ ሊሠራበት ነበር ያሠራው!

የተቋረጡት

አሁን ወደሚያስቸግረው ክፍል ደርሰናል፡፡ ‹እብደትና ሊቅነት አንድ ናቸው› የሚሉ ሰዎች ሁለት ስም ይጠራሉ፤ ብራያን ዊልሰንና ሲድ ባሬት፡፡

የቢች ቦይስ መሪ ብራያን ዊልሰን በ1964 መጨረሻ አውሮፕላን ውስጥ ከደረሰበት የፍርሃት ጥቃት በኋላ ከባንዱ ጋር መዞሩን ትቶ ስቱዲዮ ተቀመጠ፡፡ በሜይ 1966 የወጣው ‹ፔት ሳውንድስ› የዚያ ፍሬ ነው፡፡ የሎስ አንጀለስ ምርጥ የስቱዲዮ ሙዚቀኞችን አሰባስቦ፣ የብስክሌት ደወልና ባዶ የኮካ ኮላ ጣሳ ሳይቀር ተጠቅሞ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ደጋግሞ እያስጫወተ ሠራው፡፡ አልበሙ የሚያሳዝንም የሚያጽናናም ነው፤ ልጅነት እያለቀ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው፡፡

ቀጥሎ ‹ስማይል› የሚባል አልበም ጀመረ፡፡ ዕፁ በዛ፤ ሕመሙ ባሰ፤ ከባንዱና ከኩባንያው ጋር ያለው ጭቅጭቅ ተደመረበት፡፡ በ1967 ሥራው ተጣለ፡፡ ለ37 ዓመት አድናቂዎች ‹ያልተሠራው ታላቅ አልበም› እያሉ አወሩለት፡፡ መጨረሻው ግን ለእብደት አፍቃሪዎች አይመችም፡፡ ዊልሰን ታከመ፤ ትዳር መሠረተ፤ የሚረዱት ወጣት ሙዚቀኞች አገኘ፤ የግጥሙን ደራሲ ቫን ዳይክ ፓርክስን ጠራ፡፡ በ2004፣ በ62 ዓመቱ፣ አልበሙን እንደገና ቀርፆ ጨረሰው፡፡ እብደቱ ያቋረጠውን ሥራ ሕክምናና ጓደኛ ጨረሱት፡፡ በጁን 2025 ሲያርፍ ‹ስማይል› የተጣለ ሥራ አልነበረም፤ ያለቀ ሥራ ነበር፡፡

የሲድ ባሬት ታሪክ እንዲህ አላለቀም፡፡ በ1967 የፒንክ ፍሎይድ የመጀመሪያ አልበም ‹ዘ ፓይፐር አት ዘ ጌትስ ኦፍ ዶውን› ሲቀረፅ ባሬት 21 ዓመቱ ነው፡፡ እነሱ በአንዱ ክፍል ሲሠሩ ቢትልስ በሌላው ክፍል ‹ሳርጀንት ፔፐር›ን ይሠሩ ነበር፡፡ ፕሮዲውሰራቸው ኖርማን ስሚዝ ቀደም ሲል የቢትልስ የድምፅ ባለሙያ የነበረ፣ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው፡፡ ግማሹ አልበም የልጅ ተረት ነው፤ ድመት፣ ብስክሌት፣ ማስፈራሪያ፡፡ ግማሹ የጠፈር ጩኸት ነው፡፡ ሁለቱን ያገናኘ ሌላ ሰው አናውቅም፡፡ በጣም እንወደዋለን፡፡

በዚያው ዓመት መጨረሻ ባሬት መድረክ ላይ ቆሞ አንድ ኖታ ብቻ የሚመታ ወይም ጨርሶ የማይጫወት ሰው ሆነ፡፡ ዕፁ ነው የጣለው የሚሉ አሉ፤ በእሱ ቦታ የገባውን የልጅነት ጓደኛውን ዴቪድ ጊልሞርን ጨምሮ ሕመሙ ቀድሞም ነበር፣ ዕፁ አባባሰው እንጂ የሚሉም አሉ፡፡ ጃኑዋሪ 1968 አንድ ቀን ባንዱ ወደ ሥራ ሲሄድ በመኪና ሳያነሳው አለፈ፡፡ በኤፕሪል መለየቱ በይፋ ተነገረ፡፡

በ1970 የወጣውን የግሉን አልበም ‹ዘ ማድካፕ ላፍስ›ን አንዳንዶች የሊቅ ሥራ ይሉታል፡፡ እኛ ሁለት ጊዜ ሰማነው፤ ሦስተኛውን አልቻልንም፡፡ ጥሩ ዜማ የለውም ማለታችን አይደለም፤ አለው፡፡ ነገር ግን አንዱ ዘፈን ላይ ባሬት ሲጀምር፣ ሲሳሳት፣ ድምፁ ሲሰበር፣ እንደገና ሲጀምር የተቀረፀው ሳይቆረጥ አልበሙ ውስጥ ገብቷል፡፡ ያዘጋጁት ጊልሞርና ሮጀር ዋተርስ እውነተኛውን ሁኔታ ለማሳየት ነው ብለዋል፡፡ ከእነሱ በፊት አልበሙን ያዘጋጅ የነበረው ማልኮም ጆንስ ግን ነገሩን አልወደደውም፤ እኛም ከእሱ ጋር ነን፡፡ እያንዳንዱ ሙዚቀኛ ይሳሳታል፤ የሁሉም ስህተት ተቆርጦ ይጣላል፡፡ የታመመው ሰው ስህተት ብቻ ለምን ይሸጣል? ያንን እየሰሙ ‹ሊቅ ነው› ማለት ከማድነቅ ይልቅ አጥር ተደግፎ የሰው ልጅ ሲወድቅ ማየት ይመስለናል፡፡

ባሬት ካምብሪጅ ወደሚገኘው የእናቱ ቤት ተመለሰ፡፡ ሥዕል እየሣለ፣ አትክልት እየኮተኮተ ኖረ፡፡ ጋዜጠኞችና አድናቂዎች በሩን ማንኳኳት አልተዉም፡፡ በጁላይ 2006 በ60 ዓመቱ አረፈ፡፡

ከተረፉት የተሰማ

በባሬት ላይ የደረሰውን አይተው ቁጭ ብለው የሠሩት ደግሞ የቀሩት አራቱ ናቸው፡፡ በማርች 1973 የወጣው ‹ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን› ስለ ጊዜ፣ ገንዘብ፣ ሞትና አእምሮን ስለ መሳት ነው፡፡ ከመውጣቱ ከዓመት በላይ አስቀድሞ ሙሉውን በመድረክ እየተጫወቱ፣ ያልሠራውን እየጣሉ አሻሻሉት፡፡ ‹መኒ› በተባለው ዘፈን መግቢያ ላይ የሚሰማው የሳንቲምና የሒሳብ መዝገብ ማሽን ድምፅ፣ ምቱ ሰባት ነውና የቴፑ ክር በማስመሪያ እየተለካ፣ ተቆርጦ፣ ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው፡፡ ዋተርስ ጥያቄዎች በካርድ ላይ ጽፎ በሕንፃው ያገኛቸውን ሰዎች፣ ዘበኛውን ሳይቀር፣ ጠየቀ፤ በአልበሙ ውስጥ የምንሰማቸው ንግግሮች የእነሱ መልሶች ናቸው፡፡

ያለ ቃል የምታለቅሰው ሴት ክሌር ቶሪ ትባላለች፡፡ ለአንድ ቀን ተጠርታ መጣች፤ 30 ፓውንድ ተከፈላት፤ ሄደች፡፡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይታ በ2004 ፍርድ ቤት ሄደች፤ በ2005 በስምምነት አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ስሟ ከሪቻርድ ራይት ጋር በዜማ ደራሲነት ይጻፋል፡፡ የዕፅ ተረቱ ከሚደብቃቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፡፡ ሁሉን ዕፁ ሠራው ካልን፣ ለማን ስንት ይገባዋል ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም፡፡

አልበሙ ከ1973 እስከ 1988 ድረስ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ 741 ሳምንት ቆየ፡፡ አንዳንዶቻችን በጣም የተወለወለ ነው እንላለን፤ ሌሎቻችን ያለቀለት ነው እንላለን፡፡ የተስማማንበት ግን ስለ እብደት በጣም ጥሩውን አልበም የሠሩት ጤነኞች መሆናቸው ነው፡፡ ጁን 5 ቀን 1975 ቀጣዩን አልበማቸውን ሲያዘጋጁ፣ የወፈረ፣ ፀጉሩንና ቅንድቡን የተላጨ ሰው ስቱዲዮው ውስጥ ቆሞ አዩ፡፡ ባሬት ነበር፡፡ መጀመሪያ ላይ ያወቀው አልነበረም፡፡ ከመካከላቸው ያለቀሱ ነበሩ፡፡

ለእኛ ምናችን ነው?

አንባቢ ‹የፈረንጅ የድሮ ዘፈን ምን አገባን?› ይል ይሆናል፡፡ ሮክ እኛ አገር ብዙ ሰሚ የለውም፤ እውነት ነው፡፡ ተረቱ ግን ደርሶናል፡፡ ‹ሳይመረቅኑ አይጻፍም›፣ ‹ሳይቀምሱ አይዘፈንም› የሚለውን በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤትም በጫት ቤትም ሰምተነዋል፡፡ የራሳችንን አርቲስቶች ሕይወት ስናወራም ከልምምዳቸው ይልቅ ስካራቸውን ነው የምንተርከው፡፡ አንድ ሰው በሱስ ወድቆ ሲያልፍ ‹ጥበብ በላችው› እንላለን፡፡ ጥበብ ማንንም አልበላችም፡፡ የታመመን ሰው ‹አርቲስት ነው እኮ› ብሎ ማለፍ ሐኪም ዘንድ ላለመውሰድ የተገኘ ሰበብ ነው፡፡

በእነዚያው ዓመታት እዚህ አዲስ አበባ አምሃ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸውን ሸክላዎች ያሳትም ነበር፡፡ አብዛኞቹ በየገጹ አንድ ዘፈን የያዙ ትናንሽ ሸክላዎች ናቸው፡፡ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ ‹ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ›ን ሲቀርፅ፣ የዘመኑ ሮክ መለያ የነበረው የሚያላዝን የዋዋ ጊታር ከእኛ ቅኝቶች ጋር ተገናኘ፡፡ ሙላቱ ያንን የደረሰበት በትምህርት ነው፤ እንግሊዝና አሜሪካ ድረስ ሄዶ ተምሯል፡፡ የእኛም ወርቃማ ዘመን የተሠራው በሚያውቁና በሚለማመዱ ሰዎች ነው፡፡

ደረጃ ስጡ ብትሉን እንሰጣለን፤ ለክርክርም ዝግጁ ነን፡፡ አንደኛ ‹ፎርኤቨር ቼንጅስ›፣ ሁለተኛ ‹ሪቮልቨር›፣ ሦስተኛ ‹ኦደሲ ኤንድ ኦራክል›፣ አራተኛ ‹ፔት ሳውንድስ›፣ አምስተኛ ‹ፓይፐር›፣ ስድስተኛ ‹ዳርክ ሳይድ›፣ ሰባተኛ ‹ሳርጀንት ፔፐር›፡፡ ‹ማድካፕ›ን ደረጃ አልሰጠነውም፤ ሰውየውን በነጥብ ማስቀመጥ ስላልፈለግን ነው፡፡

ለመስማት የሚፈልግ ካለ ምክራችን ቀላል ነው፡፡ በ‹ሪቮልቨር› ጀምሩ፡፡ ስልካችሁን አስቀምጡ፤ ማዳመጫ ብትጠቀሙ ይመረጣል፡፡ መጀመሪያ ዜማውን ብቻ ስሙ፡፡ በሁለተኛው ዙር ቤዙን ተከተሉ፡፡ በሦስተኛው ደግሞ መጨረሻው ዘፈን ላይ ስትደርሱ ከሌነን ጀርባ ያሉትን አስቡ፤ በየክፍሉ ቆመው ክሩ እንዳይላላ እርሳስ የያዙትን ሰዎች፡፡ ከቡና በቀር ሌላ ምንም አያስፈልጋችሁም፡፡